የተራ መጠበቂያው አየር

ጤነኛ ሕፃን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ተራውን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ከታመሙ ሕፃናት ጎን ነው። አንዱ ያስላል፣ ሌላው በትኩሳት ይቃጠላል፣ ሌላዋ እናቷ ጭን ላይ አስመልሳለች። ወላጅ በዚህ መካከል ልጁን አቅፎ ሲቀመጥ የሚያድርበት ሥጋት መሠረት አለው። ሐኪም ቤት በአካባቢው ያለው በሽታ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሆነ፣ «ደህና ልጅ ይዤ ሄጄ ታሞ ተመለሰ» የሚለው የእናቶች ምሬት አንዳንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። ሆኖም ሥጋቱ የሚያርፈው በሚታየው ነገር ላይ ነው፦ በወለሉ፣ በአግዳሚ ወንበሩ፣ በበሩ እጀታ፣ አፍንጫው በተዝረከረከ የሰው ልጅ ላይ። ለአደገኞቹ በሽታዎች ዋና መንገድ የሆነው የክፍሉ አየር ግን ልብ አይባልም።

የሥጋቱን ልክ በቁጥር ለማወቅ የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። የአሜሪካው የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከ1996 እስከ 2008 የተሰበሰበ የ84,595 ቤተሰቦችን የሕክምና መረጃ መርምረዋል። ትንንሽ ልጆቻቸውን ሳይታመሙ ለመደበኛ ክትትል ወደ ሐኪም ያመጡ ቤተሰቦች፣ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጉንፋን መሰል ሕመም ይዟቸው እንደገና ወደ ሐኪም የመሄዳቸው ዕድል በ3.2 የመቶኛ ነጥብ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ይህም ከ30 ቤተሰቦች አንዱ ገደማ ማለት ነው። የተለኩት ቀጠሮ ተይዞላቸው የሚሠሩ የአሜሪካ ክሊኒኮች ናቸው። ወረፋው ከማለዳ ጀምሮ በሚረዝምበትና ክፍሉ በሚጠብበት ቦታ የመጋለጡ ዕድል ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም። በሌላ በኩል፣ ተራ ጉንፋን ትንሽ ልጅን በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ የሚይዘው ሕመም ነው።

ጀርሞች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ወላጅን ማሳሰብ የሚገባውም ጀርሙ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው።

በአየር የሚመጣው

ከሁሉ አስቸጋሪው ኩፍኝ ነው። የታመመው ልጅ ሲያስልና ሲተነፍስ የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች ቶሎ መሬት አይወርዱም፤ ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በአየሩ ውስጥ ሊንሳፈፉ ይችላሉ። ክትባት ያልወሰዱና በሽታው ከዚህ ቀደም ያልያዛቸው 10 ሰዎች ለታማሚው ቀርበው ቢቆዩ 9ኙ ያህል ይያዛሉ። በዚያ ላይ ልጁ በሽታውን ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በእነዚያ ቀናት ትኩሳቱ፣ ሳሉና የዓይኑ መቅላት ከተራ ጉንፋን ስለማይለዩ እናቱም ሆነች ነርሷ ኩፍኝ ነው ብለው አይጠረጥሩም።

እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ዴካልብ በተባለ አውራጃ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የሆነው ነገር ይህንን በግልጽ ያሳያል። ሽፍታ ከወጣበት ሁለተኛ ቀኑን የያዘና አጥብቆ የሚያስል የ12 ዓመት ልጅ ለምርመራ ይመጣል። ከዚያ ጉብኝት የተነሣ 7 ልጆች ኩፍኝ ያዛቸው። አራቱ ልጁ በተራ መጠበቂያው በኩል ሲገባና ሲወጣ ለአፍታ ብቻ አብረውት የነበሩ ሲሆኑ፣ ከእነሱም በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት የተገናኘው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። እንዲያውም አንደኛው ክሊኒኩ የደረሰው ልጁ ከሄደ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። መርማሪዎች የሕንፃውን የአየር ዝውውር ሲፈትሹ፣ ልጁ ከታየበት ክፍል የወጣው አየር ወደ ክሊኒኩ ክፍሎች ሁሉ ይሠራጭ እንደነበር አረጋገጡ። በዚያን ቀን ወንበር መወልወል ወይም ልጅን ከሚያስለው ልጅ ሁለት ሜትር ማራቅ እነዚያን ሦስት ልጆች አያድናቸውም ነበር።

የሚያድነው ሌላ ነው። ሁለቱን የኩፍኝ ክትባቶች የወሰዱ ልጆች 97 በመቶ ያህሉ በሽታውን ይቋቋማሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በየወሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ለእርሱ ትልቁ ጋሻ በዙሪያው ያሉ ታላላቅ ልጆች መከተባቸው ነው። የ9 ወሩን ክትባት «ከታመሙ ልጆች ጋር ላለመቀላቀል» ብሎ የሚያቆይ ወላጅ የፈራውን በሽታ በር ከፍቶ ይጠብቀዋል።

የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) በአየር ይተላለፋል፤ ግን እንደ ኩፍኝ በደቂቃዎች የሚይዝ አይደለም። ከታማሚ ጋር በተዘጋ ቤት ለረጅም ጊዜ መኖር ያስፈልገዋል። ለሕፃን ዋናው የቲቢ ሥጋት ከወረፋ ቦታው ይልቅ እቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል አዋቂ ነው።

በእጅ የሚመጣው

አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ በትልቅ ሰው ላይ ጉንፋን ነው፤ በጥቂት ወራት ዕድሜ ላይ ባለ ሕፃን ግን ሳንባ ድረስ ወርዶ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ካሮላይን ሆልና ጎርደን ዳግላስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ሥራ፣ ቫይረሱ በምን እንደሚሻገር ለማወቅ ፈቃደኛ ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ በቫይረሱ የታመመን ሕፃን አቅፈው እየተንከባከቡ ቆዩ። ሁለተኛዎቹ ሕፃኑ በሌለበት የተኛበትን አልጋና የነካቸውን ዕቃዎች ዳስሰው፣ በዚያው እጃቸው አፍንጫቸውንና ዓይናቸውን ነኩ። ሦስተኛዎቹ ከሕፃኑ አልጋ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ተቀመጡ። ካቀፉት 7 ሰዎች 5ቱ፣ ዕቃውን ከዳሰሱት 10 ሰዎች 4ቱ ተያዙ። ርቀው ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንድም አልተያዘም።

ዕቃ መንካቱ ብቻውን እንደማይበቃ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቫይረሱ በጠንካራ ዕቃ ላይ ለሰዓታት ቢቆይም ራሱ ተነሥቶ አይገባም፤ የሚያስገባው ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫ የሚሄደው እጅ ነው። ስለዚህ አግዳሚ ወንበሩን ሁሉ በሶፍት ከመወልወል፣ ከመውጣት በፊት የእናትንና የልጅን እጅ በሳሙና መታጠብ ይበልጣል። ሳሙናና ውኃ በሌለበት ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ለጉንፋንና ለመሰሎቹ ያገለግላል። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ ግን አልኮል በሚገባ አይገድለውም፤ ለእርሱ በሳሙና አሽቶ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ነው መድኃኒቱ። የጋራ መጫወቻም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት በሐኪሞች ተራ መጠበቂያ ከነበሩ የጨርቅ አሻንጉሊቶች 90 በመቶው ላይ ብዙ ባክቴሪያ አግኝቷል፤ ታጥበው ሲመለሱም በሳምንት ውስጥ መልሰው ቆሽሸዋል። የፕላስቲኮቹ ንጽሕና በጣም የተሻለ ነበር። ልጅ ከቤቱ የራሱን መጫወቻ ይዞ ቢሄድ ነገሩ ያበቃል።

የባለሙያውም እጅ እጅ ነው። በሽተኛ ከነካ በኋላ ቀጣዩን ከመንካቱ በፊት መታጠብ ወይም አልኮል መቀባት የሙያው ግዴታ ነው። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና በሚገኝ የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ካስገደደ በኋላ የወላዶች ሞት በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ሆኖም ዛሬም ሥራ በበዛበት ቀን እጅ መታጠብ ይዘለላል። እናት «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እጅዎን ቢታጠቡልኝ» ብትል ነውር የለበትም፤ ብዙ እናቶች ግን ሐኪሙን ያስቀየሙ እየመሰላቸው ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ሊሰበር የሚገባው ነው፤ ጥያቄው በትሕትና ከቀረበ ጥሩ ባለሙያ አይከፋበትም።

መስኮቱና «ብርድ ይመታዋል»

በኢትዮጵያ ስለ ልጅ ጤና የሚደረገው ጥንቃቄ ከንፋስ ጋር የተያያዘ ነው። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ሕፃን አለ» ይባላል። በተራ መጠበቂያም መስኮት ሲከፈት አንዱ ተነሥቶ ይዘጋዋል፤ «ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይመታዋል» የሚለው ቃል ከፍቅር የመጣ ነው። አራስ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ በጋቢ መጠቅለሉ፣ ራሱ መሸፈኑ ትክክል ነው። ነገር ግን ጉንፋንንም ሆነ የሳንባ ምችን የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው፤ ጀርሞቹ ደግሞ የሚወዱት የተዘጋ ክፍልን ነው። መስኮቱን በመዝጋት ልጁን ከንፋስ ያዳነች እናት ሳታውቀው የሃያ ሰው ትንፋሽ ታስተነፍሰዋለች።

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት መስኮት ምን ያህል እንደሚሠራ ለክቷል። ተመራማሪዎቹ በ8 ሆስፒታሎች የአየር ዝውውርን ፈተሹ። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጣል፤ በውድ የአየር ማዘዋወሪያ ማሽን የሚሠሩት ክፍሎች ግን የሚለውጡት 12 ጊዜ ነበር። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች ከሁሉም በልጠው ወደ 40 ደረሱ። ከዚያ በመነሣት፣ መድኃኒት ካልጀመሩ የቲቢ በሽተኞች ጋር በአንድ ክፍል 24 ሰዓት የቆየ ሰው የመያዝ ዕድሉን አሰሉ። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል 97 በመቶ፣ ማሽን ባለው ክፍል 39 በመቶ፣ መስኮቱ በተከፈተ አዲስ ክፍል 33 በመቶ፣ በአሮጌው ክፍል 11 በመቶ ሆኖ አገኙት። መስኮት ለመክፈት የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ብዙ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሰፊ በረንዳና ግቢ አላቸው። ካርድ ከወጣ በኋላ ውስጥ ከመጨናነቅ፣ አንድ ሰው ስም ሲጠራ እንዲሰማ አቁሞ ሕፃኑን በጥላ ሥር ወይም በበረንዳ ይዞ መጠበቅ፣ አንድም ሳንቲም የማያስወጣ ጠንካራ መከላከያ ነው። ዝናብና ብርድ በሆነ ቀን ደግሞ ልጁን ደህና አድርጎ ጠቅልሎ በተከፈተ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። ሙቀት የሚጠበቀው በልብስ ነው፤ የክፍሉ አየር መታፈን አይጠበቅበትም።

ከዚህ ጋር የሚነሣው ነጠላ ነው። ከዓይነ ጥላም፣ ከጀርምም ይጠብቃል ተብሎ በሕፃን ፊት ላይ የሚጣለው ነጠላ አንድ ጥቅም አለው፦ አላፊ አግዳሚው እንዳይስመውና ጉንጩን እንዳይነካካው ያደርጋል። በአየር የሚንሳፈፈውን ጀርም ግን አያግድም። ተደራርቦ ሲጣል ደግሞ ሕፃኑን ከልክ በላይ ያሞቀዋል፤ ከዚህም በላይ አተነፋፈሱንና የከንፈሩን መጥቆር ከእናቱ ዓይን ይሰውራል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስክም አይደረግም። ማስኩ የሚያስፈልገው ለሚያስለው አዋቂ ነው።

ወረፋው ለምን እንዲህ ሆነ

የታመመና ያልታመመ ልጅ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ሁልጊዜ የቸልተኝነት ውጤት አይደለም። የኩፍኝና የቢሲጂ (የቲቢ) ክትባቶች በአብዛኛው የሚመጡት ለብዙ ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣላል። ለአንድ ሕፃን ብሎ ብልቃጥ መክፈት የቀሩትን መጠኖች መድፋት ስለሚሆን፣ የጤና ባለሙያዋ ሕፃናት እስኪሰበሰቡ ትጠብቃለች ወይም ለእነዚህ ክትባቶች የተወሰነ ቀን ትመድባለች። ይህንን ያወቀ ወላጅ የክትባቱ ቀን የትኛው እንደሆነና የሚጀመርበትን ሰዓት አስቀድሞ ጠይቆ ቢሄድ ግማሽ ቀን ከመጠበቅ ይድናል። ገጠር ባሉ ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚከትቡበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከበሽተኛ ወረፋ የተለየ ስለሆነ በዚህ ረገድ ከከተማው የተሻለ ነው።

ሽፍታና ትኩሳት አብረው የታዩበት ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅም ድርሻ አለው። ገና በሩ ላይ፣ ካርድ ክፍል ከመሰለፉ በፊት፣ ለመጀመሪያው ያገኘው ባለሙያ ቢናገር ልጁ ለብቻው ሊታይ ይችላል። የዴካልቡ ልጅ እንዲህ ቢደረግለት ኖሮ ቢያንስ በተራ መጠበቂያው ያገኙት የአራቱ ልጆች ታሪክ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

መቅረት የሚያስከትለው

የጀርም ፍርሃት ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እቤት ሲያስቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ በተስፋፋበት ዓመት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደገለጹት በዓለም 23 ሚሊዮን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሚገባ አላገኙም፤ ይህም ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት በ3.7 ሚሊዮን ይበልጣል። የተቋረጠ አገልግሎት ነበር፤ ወላጆችም ከበሽታው ለመሸሽ ቀርተዋል።

ለመቅረት የሚገፋፋው አስተሳሰብ ተመርምሯል። ኢላና ሪቶቭና ጆናታን ባሮን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን የሚገድል በሽታ የሚከላከል፣ ነገር ግን ራሱ ከበሽታው ያነሰ ቁጥር ያላቸውን ልጆች ሊገድል የሚችል ምናባዊ ክትባት ቀረበላቸው። ብዙዎቹ ለልጃቸው አንሰጥም አሉ። ሰው በገዛ እጁ ከሚያመጣው ትንሽ ጉዳት፣ ዝም በማለቱ የሚመጣውን ትልቅ ጉዳት ይመርጣል። «እኔ ወስጄው ታመመ» የሚለው ጸጸት «ሳልወስደው ባሰበት» ከሚለው በላይ ያስፈራል። ወላጆች በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ግን አእምሮ እንዲህ እንደሚያመዝን ማወቅ ውሳኔውን ለማስተካከል ይረዳል።

የሳንባ ምች በዓለም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከማንኛውም ተላላፊ በሽታ በላይ ይገድላል፤ በዓመት ከ700,000 በላይ። አብዛኞቹ በጊዜ ቢታከሙ በርካሽ መድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ስለዚህ ወረፋው ምንም ያህል ቢያስፈራ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ የወሰደውን ሁሉ ሲያስመልስ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ለማንቃት ሲያስቸግር በዚያው ሰዓት መውሰድ ነው። ትንፋሹም ይቆጠራል። ልጁ ጸጥ ባለበት፣ ደረቱ ወይም ሆዱ ሲነሣ እየታየ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር፣ ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ነገ አይባልም።

አንዳንድ ወላጆች ከሐኪም ቤት ሲመለሱ «ለመከላከል» ብለው ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተው ይሰጣሉ። ከወረፋ ቦታ የሚያዙት ሕመሞች አብዛኞቹ በቫይረስ የሚመጡ ስለሆኑ መድኃኒቱ አይነካቸውም፤ ይልቁንም ልጁን ያስቀምጠዋል፣ መድኃኒቱን የሚለምዱ ባክቴሪያዎችንም ያበዛል። ልጅን በበረኪና በተበረዘ ውኃ ማጠብም ቆዳውን ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። እጅ ታጥቦ፣ የቆሸሸ ልብስ ተቀይሮ፣ ጡት የሚጠባው ጡቱን ጠብቶ መቀጠል ይበቃል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያሉት የመከላከያ አካላት፣ እናቲቱ ራሷ በዚያው ወረፋ ላይ ያገኘቻቸውን ጀርሞች ጭምር ለመቋቋም የሚሠሩ ናቸው።

ፍርሃቱ ሲታመም

ጥቂት ወላጆች ዘንድ ሥጋቱ በዚህ ሁሉ እውቀት አይቀንስም። እናቲቱ እጇ እስኪሰነጣጠቅ ትታጠባለች፤ ባሏ ከውጭ ሲመጣ ልብሱን በር ላይ ሳያወልቅ ልጁን እንዳይነካ ትከለክላለች፤ የታጠበ ጡጦ እንደገና ይቀቀላል፤ «ነክቼው ይሆን?» የሚለው ሐሳብ በቀን ከሰዓት በላይ ይወስድባታል። ሐሳቡ ከልክ ያለፈ መሆኑን ራሷ ታውቃለች፣ ግን ማቆም አትችልም። ይህ በሕክምናው ዓለም ኦሲዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሲሆን፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የመጀመር ወይም የመባስ ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። አባቶችንም ይይዛል። የእምነት ጉድለት ወይም ቅምጥልነት አይደለም።

ሕክምናው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በባለሙያ እየተመሩ የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መጋፈጥ ነው። እናቲቱ ዛሬ የበሩን እጀታ ነክታ ለአሥር ደቂቃ ሳትታጠብ ትቆያለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለግማሽ ሰዓት፤ ቆይታም ልጁን ይዛ ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ፍርሃቱ መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ሳይታጠቡለትም እንደሚበርድ አእምሮ በተግባር ይማራል። ሁለተኛው እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሙሉ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የምታጠባ እናት የትኛው እንደሚስማማት ከሐኪሟ ጋር ትመክራለች። በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል፣ በሌሎች በርካታ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ይህ አገልግሎት ይገኛል። ጠበል የሚሄዱ ወላጆችም ጠበሉን ሳይተዉ መድኃኒታቸውን መቀጠል ይችላሉ።

ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ በቅንነት ሕመሙን ያባብሳል። ባል «ምንም አልነካውም፣ አትፍሪ» ብሎ በቀን ሃያ ጊዜ ሲያረጋግጥላት እፎይታው ለደቂቃዎች ይቆይና ጥያቄው ይመለሳል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ፍርሃቷን ሳያቃልሉ፣ አንዴ መልሶ፣ ከዚያ በኋላ አብሯት ተቀምጦ ጥያቄው እስኪያልፍ መጠበቅን ነው።